ክፍት የቀረው የግንብ በር

ባለፈው ሳምንት የጋዋኔ ቁልፍ ተበጠሰ። ቤተ ሙከራ የሚገባው ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ያውም እስከ አንገት ቆልፎ ስለሆነ ከመምህራችን ቁጣ ለመዳን ዶርም ተመልሼ ሻንጣዬን ከፈትኩ። ወደ ዩኒቨርሲቲ ስመጣ አባቴ በሻንጣዬ ጥግ የወሸቀልኝ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ነበረች። መርፌ፣ ነጭና ጥቁር ክር፣ ከዚያ ደግሞ ከልብስ ስፌቱ የቁልፍ ጣሳ ሳይመርጥ በእፍኙ ዘግኖ የጨመረልኝ ልዩ ልዩ ቁልፍ አለባት። አልጋዬ ላይ ስዘረግፋት ከቁልፎቹ መካከል አንዲት ግራጫ ነገር ተንከባልላ ወጣች። ዙሪያዋን ጥርስ ጥርስ ያላት፣ መሐሏ የተበሳ ትንሽ የፕላስቲክ ጎማ። የዶርም ጓደኛዬ አነሳችና ወደ አምፖሉ አስጠግታ አየቻት።

«ይቺ ደግሞ የምን ልብስ ቁልፍ ናት?»

«የልብስ አይደለችም፤ የግንብ ናት» አልኳት። ሳቋ ሲያልቅ ታሪኩን ነገርኳት። እሷ ከሰማችው እናንተም ብትሰሙት ብዬ ነው የምጽፈው፤ በተለይ የእኔ እኩዮች የሆናችሁና መጫወቻ በካርቶኑ ሥዕል ብቻ መርጣችሁ የምታውቁ።

ልጅ እያለሁ አባቴ ጎንደር ፒያሳ፣ ከአንድ የጨርቅ መደብር በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ መቀመጫዬ ከስፌት መኪናው ጠረጴዛ ሥር ነው። የመኪናው ዘይት ሽታ፣ ውኃ ያልነካው የአዲስ ጨርቅ ሽታ፣ የከሰል ካውያው እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው እንፋሎት እስካሁን ከአፍንጫዬ አልጠፉም። ከዚያ ተቀምጬ የማየው አንድ ነገር ነበር። አባባ መርገጫውን ሲረግጥ ከሥር ያለው ትልቁ ጎማ ረጋ ብሎ ይዞራል። በቆዳ ቺንጋ ከእሱ ጋር የተያያዘው የላይኛው ትንሽ ጎማ ግን ይበርራል፤ መርፌዋም ትርትርትር እያለች ጨርቁን ትወጋዋለች። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን አላውቅም ነበር፤ ብቻ ሳየው ብውል አይሰለቸኝም። እጄን ዘርጋ ሳደርግ «ሙና፣ ጣትሽን!» የሚል ድምፅ ከላይ ይመጣል። ስለዚህ በልጅነቴ የምመኘው ቀላል ነገር ነበር፦ ማንም «ጣትሽን» ሳይለኝ የማዞረው፣ የራሴ የሆነ የሚዞር ነገር።

የአባባ ታናሽ ወንድም አጎቴ ሰዒድ ከበረንዳችን ትንሽ ዝቅ ብሎ ሱቅ ነበረው። ሳህን፣ ባልዲ፣ ደብተር፣ የፀጉር ጌጥ፣ በዚያ ሱቅ ያልነበረ ነገር የለም። በየዓመቱ የአረፋ ዋዜማ የወንድምና የእህቶቹን ልጆች ጠርቶ ለየቤቱ አንድ ዕቃ ያስመርጣል። ታዲያ የራሱ ደንብ ነበረው። ከአንድ ቤት የመጡ ልጆች ሁሉ እጃቸውን በአንድ ዕቃ ላይ ካላሳረፉ ያ ዕቃ ከሱቁ አይወጣም። «በኋላ እቤት ገብታችሁ ‹እኔ አልመረጥኩም› የሚል ከሳሽ እንዳይመጣብኝ» ይል ነበር። አንዴ እጅ ካረፈ ደግሞ መመለስ የለም፤ ይህ ለደንበኛም ለዘመድም እኩል ነው። ከእኛ ቤት የምንሄደው እኔና ታላቅ ወንድሜ ከድር ነበርን።

በዚያ ዓመት አጎቴ ከመርካቶ አዲስ ነገር ይዞ መጣ፤ በካርቶን የታሸገ፣ ቁርጥራጩ እየተገጣጠመ የሚሠራ መጫወቻ። እኛ ስንደርስ ሌሎቹ የአጎትና የአክስት ልጆች ወስደውት ሁለት ካርቶን ብቻ ቀርቷል። ትልቁ ላይ ግንብ ተሥሏል፤ ክብ ክብ ማማ፣ ጦር የያዙ ወታደሮች፣ በገመድ ሲሳብ ተነስቶ የሚዘጋ፣ ሲለቀቅ ወርዶ የሚከፈት በር። ትንሹ፣ በመንገድ አንዱ ጥጉ የተጨፈለቀው፣ የክሬን ነበር፤ ሥዕሉ ላይ ጥርሳም ጎማ በጥርሳም ጎማ ላይ ተነካክሶ፣ ከጫፉ መንጠቆ ተንጠልጥሎ ይታያል። የከድር ዓይን ግንቡ ላይ ተተከለ፤ የእኔም ክሬኑ ላይ።

«ግንቡ!» አለ ከድር።

«ክሬኑ!» አልኩ እኔ።

«ያ? ሰው የተቀመጠበት እኮ ነው የሚመስለው!»

«ግንብማ ጎንደር ሞልቶ! ከሱቁ ወጣ ብትል ታየው የለ፤ ምን ይገዛል?»

«ክሬኑ ላይ ወታደር የለ፤ ምኑን አሰልፋለሁ?»

አጎቴ ሳቀና «የኔ ሸጋዎች፣ ሱቁን ልዘጋ ነው እኮ፤ ነገ ዒድ ነው» አለን። ከድር የነጋዴ ዘር መሆኑን ሊያሳይ ሁለቱን ካርቶን በሁለት እጁ አንስቶ ከፍ ዝቅ እያደረገ መዘነ። «ይሄኛው ይከብዳል» አለ ግንቡን ወደ እኔ እየገፋ። በእኛ ዘመዶች ዘንድ በርበሬም ሆነ ጨርቅ ሲገዛ መጀመሪያ በእጅ ይመዘናል፤ የከበደ ዕቃ ጥሩ ዕቃ ነው። እኔ ግን «አባባ ይፍረደን» አልኩ።

የአረፋ ዋዜማ ለልብስ ሰፊ ከዓመቱ ሁሉ የባሰ ቀን ነው። በረንዳው ላይ የልጆቻቸውን ሱሪ የሚጠብቁ እናቶች ተኮልኩለዋል፤ አባባ ቀና ብሎ የሚያይበት ጊዜ የለውም። ሁለታችንም ክርክራችንን ለጀርባው አቀረብን። አባባ ለማንኛውም ደንበኛ ጨርቅ ከመቁረጡ በፊት «የት ልትለብሰው ነው?» ብሎ መጠየቅ ልማዱ ነው። ለሠርግ ነው፣ ለሥራ ነው፣ ለገጠር መንገድ ነው፣ ሳይሰማ መቀስ አያነሳም። እኛንም በዚያው ልማዱ ጠየቀን።

«ሠርታችሁ ስትጨርሱስ? ከዚያ በኋላ ምን ታደርጉበታላችሁ?»

«መደርደሪያ ላይ አቁመን እናየዋለን» አለ ከድር።

«እኔ ዕቃ አነሳበታለሁ» አልኩ።

«ምን ታነሺበታለሽ?»

ዙሪያዬን ባይ ባይ የማነሳው ነገር ጠፋኝ። በመጨረሻ «መቀስህን!» አልኩት።

እናቶቹ ሳቁ። የአባባ መቀስ በፒያሳ የታወቀ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከጠረጴዛው እየተንሸራተተ ይወድቃል፤ ወገቡን ስለሚያመው ጎንበስ ብሎ ማንሳት አይሆንለትም፤ «መቀሱን አቀብሉኝ» እያለ ደንበኛውን ሁሉ ያሠራዋል። አባባም ሳቀ እንጂ አልፈረደም። «እኔ አልመርጥላችሁም። አንዴ ጨርቅ የመረጥኩለት ሰውዬ ዛሬም ድረስ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር በቀለሙ ይወቅሰኛል። ሂዱ፣ ራሳችሁ ተስማሙ።»

ስንመለስ ከድር እየለሰለሰ ነበር። «የምር መቀሱን ያነሳል?» ብሎ ሲጠይቀኝ ያሸነፍኩ መስሎኝ ወደ ሱቁ ሮጥኩ። አጎቴ ሰዒድ በር ላይ ቆሞ ለአንድ ጋቢ ለለበሱ ሰው ዕቃ በገመድ ያስራል። ዕቃው ጥጉ የተጨፈለቀ ትንሽ ካርቶን ነበር።

«ሙናዬ፣ ደንበኛ ቆሞ ሲጠይቀኝ የለም ልበለው?» አለኝ አጎቴ ፊቴን ሲያይ። ሰውዬው ከኮላ ድባ ለገበያ የመጡ ነበሩ፤ ለልጃቸው ነው የገዙት። ዓይኔ እንባ ማቅረሩን ሲያዩ «ምነው ልጄ፣ ማን መታሽ?» አሉኝ። «ማንም» አልኩ። ክሬኔን በብብታቸው ሸጉጠው ወደ መናኸሪያው ሄዱ።

ከድር እጁን ግንቡ ላይ አሳረፈ። እኔ እጄን ወደ ኋላዬ አድርጌ ቆምኩ። የአጎቴ ደንብ ደንብ ነውና የእኔ እጅ ካልተጨመረ ግንቡም አይወጣም፤ ከድር ባዶ እጁን ይገባል። አልለመነኝም፤ አየኝ ብቻ። እኔም አየሁትና እጄን ከእጁ አጠገብ አሳረፍኩ።

በአረፋ ዕለት ከሶላት መልስ ከድር አዲሱን ሱሪውን እንደለበሰ ምንጣፍ ላይ ተዘረፈጠ። እኔ ቁርጥራጩን በየቀለሙ እየለየሁ አቀብለው ነበር። ገና ዘመድ ሳይበተን ግንቡ ቆመ። የመጨረሻዋን ትንሽ ከረጢት ስቀድ ግን ሁለት ጥርሳም ጎማዎች መዳፌ ላይ ወደቁ፤ አንዷ ትልቅ፣ አንዷ ትንሽ። የበሩ ማንሻ ነበሩ። እጀታውን ስታዞሩት ሁለቱ ተነካክሰው ይዞሩና ገመዱ ተጠቅልሎ በሩን ያነሳዋል። ያን በር ስንት ጊዜ እንዳነሳሁና እንዳወረድኩ አላውቅም። ከድር «በቃ! ወታደሮቹ ሊወጡ ሊገቡ አልቻሉም እኮ!» ብሎ ነጠቀኝ።

ግንቡ እንደተባለው መደርደሪያ ላይ ወጣ። ከድርም እንዳለው ቆሞ አየው። ማግስቱንም አየው። ከዚያ ወደ ኳሱ ሄደ፤ ያለቀ ነገር ምን ይደረጋል? እኔ ግን ሁለቱን ጎማዎች ከዓይኔ ማውጣት አልቻልኩም።

«ከድር፣ ጎማዎቹን አውሰኝ።»

«በሩስ? ጠላት ቢገባ?»

«የምን ጠላት? ድመታችን ካልሆነች!»

ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ የአባባን መቀስ ከመሬት እስከ ጠረጴዛው ካነሳሁ ጎማዎቹ የእኔ ሊሆኑ፣ እስከ መግሪብ አዛን፣ እስከ ምሽቱ የሶላት ጥሪ ድረስ፣ ካላነሳሁ ግን ወደ ግንቡ ሊመለሱና ዳግም ላልጠይቅ ተማማልን።

አባባ ከበዓሉ በኋላ ሥራ የጀመረ ዕለት ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ በረንዳው ሄድን። ከግንቡ የተረፉትን ቁርጥራጮች፣ ባዶ የክር መጠቅለያና ከአባባ የለመንኩትን ጠንካራ ክር ይዤ ነበር። ሁሉንም ገጣጥሜ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አሰርኩት። ጎማዎቹን ያስቀመጥኩት በማውቀው መንገድ ነው። በሕይወቴ በደንብ ያየሁት መኪና አንድ፣ የአባባ ስፌት መኪና ነው፤ እዚያ ላይ ትልቁ ጎማ ነው ትንሹን የሚያዞረው። እኔም እጀታውን ትልቋ ላይ ሰካሁት። ባዶውን ሳዞረው ክሩ እየበረረ ወጣ። «አየህ!» አልኩት ከድርን። ከዚያ መቀሱን አሰርኩበት።

አልነቃነቅ አለ። አጥብቄ ሳዞር ጥርሶቹ ቀጭ ቀጭ እያሉ እየዘለሉ ያልፋሉ፤ መቀሱ መሬቱን አልለቅም አለ። ክሩን አሳጠርኩ፣ ማሰሪያውን አጠበቅኩ፣ ያው ነው። ፀሐይዋ ወደ ቤቶቹ ጣሪያ ወረደች። ከድር ጎማዎቹን ሊረከብ ግንቡን ታቅፎ ከፊቴ ተቀምጧል። የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ሲንኮሻኮሽ ስሰማ አንገቴን ደፋሁ።

ያኔ ከድር ጉሮሮውን ጠረገ። «እንዲህ አልነበረም» አለ።

«ምኑ?»

«በእኔ ግንብ እጀታው ትንሿ ላይ ነበር፤ ትልቋ ላይ አልነበረም።»

ዝም ቢል ኖሮ ጎማዎቹ የእሱ ነበሩ። እጀታውን ነቅዬ ትንሿ ላይ ሰካሁት፤ ክሩንም ወደ ትልቋ አዞርኩት። አሁን እጄ ብዙ ይዞራል፣ ትልቋ ጎማ ግን ቀስ ትላለች። መቀሱ መጀመሪያ ጫፉ ተነሳ፣ ከዚያ ሁለመናው ከመሬት ለቀቀ። እየተሽከረከረ ወጣ፤ ወጣ፤ ከጠረጴዛው ጠርዝ ደረሰ። አዛኑ ሲጀምር አባባ ከስፌቱ ዓይኑን ሳያነሳ እጁን ዘርግቶ መቀሱን ያዘና የሚሰፋውን ልብስ ክር ቆረጠበት። ሁልጊዜ እንደዚያ ይቀርብለት የነበረ ነው የሚመስለው። ትንሽ ቆይቶ ነው ዞር ብሎ ያየኝ።

«ሙና» አለ፣ «ጣትሽ ይባረክ።»

ከዚያ በኋላ ያ ክሬን ብዙ ጊዜ ተፈታ፣ ብዙ ጊዜ ተሠራ። ክር አነሳ፣ ስኒ አነሳ፣ አንድ ጊዜ የአጎቴን ኮፍያ ሳያውቅ ከራሱ ላይ አነሳ። ቁርጥራጩ ቀስ በቀስ ወደ አባባ የቁልፍ ጣሳ ገባ። ትልቋ ጎማ የት እንደወደቀች አይታወቅም። ትንሿ ግን ይኸው ከቁልፍ ጋር ተዘግና እኔ ዘንድ መጣች።

ዛሬ አጎቴ ሱቅ ልጆች የሚመጡት የሚፈልጉትን በስልክ አይተውና ስሙን አጥንተው ነው፤ ካርቶን በእጁ የሚመዝን የለም። አልፈርድባቸውም፤ እኛም የመረጥነው በሥዕል ነበር። ትንንሾቹ የአክስቴ ልጆች የመጀመሪያ መጫወቻቸውን ሲመርጡ «ሙና፣ የትኛው ይሻላል?» ሲሉኝ ግን አልመርጥላቸውም። «ሠርታችሁ ስትጨርሱስ?» ብቻ እላቸዋለሁ። ዘንድሮ እኔም የትምህርት ክፍል መምረጫዬ ደርሷል። ሁሉም ከባዱን፣ ስመ ጥሩን ያነሳልኛል፤ እኔ ደግሞ የአባባን ጥያቄ ለራሴ አነሳለሁ። መልሱ ያው የሚዞር ነገር ነው።

ከድር አሁን አስጎብኚ ነው። እውነተኛውን ግንብ ቀኑን ሙሉ ለእንግዳ ሲያሳይ ይውላል፤ በአንድ ቀን ገጥሞ የጨረሰው ልጅ ዛሬ አውርቶ አይጨርሰውም። ቁልፌን ሰፍቼ እንደጨረስኩ ደውዬ ስለ ጎማዋ ነገርኩት።

«አምጪያት እንጂ! ግንቡ እኮ አባባ ራስጌ መደርደሪያው ላይ እንደቆመ ነው፤ ያኔ የወረደው በር እስከ ዛሬ አልተነሳም።»

«ትልቋ ጠፍታለች፤ ይቺ ብቻዋን አታነሳውም።»

ከጀርባው የእንግዶች ድምፅና የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማኛል።

«ተይው በቃ፣ ክፍት ይሁን» አለኝ። «አንቺም ለአረፋ ትገቢ የለ?»