የመጨረሻው ገጽ የለም

አጎቴ፣ በስደት በምንኖርበት ከተማ ንያኩሮን በሚባለው ሰፈር ካለው ሱቃቸው ጓዳ ተቀምጠው፣ የቆዩ የአማርኛ መጻሕፍትን ወደ ኮምፒውተር ያስገቡ ነበር። እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ምስጥ የበላውን ቃል በግምት መሙላት ክልክል ነበር፤ በቦታው ቅንፍ ከፍቼ «አይነበብም» እላለሁ።

በከተማው ጦርነት የፈነዳ ሰሞን ተኩሱ ሲቀርብ በሩን ቆልፈን መሬት ላይ ተቀመጥን። ባትሪው ሳያልቅ ምዕራፉን እንጨርሰው ብለው ማንበባቸውን ቀጠሉ። እኔ ግን ቶሎ እንዲያልቅልኝ ብዬ አንድ የተበላ መስመር ከራሴ ሞላሁ። ስክሪኑን አዩት።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ጋሼ፣ ውጭ ሰው እየሞተ ነው እኮ!»

«አጥፊው። ያላየነውን አንጽፍም።»

አጠፋሁት። ያን ቀን ጠላኋቸው።

ዘንድሮ በሕመም አረፉ። አርባቸውን ባወጣን ማግስት የጀመርነውን የመጨረሻ መጽሐፍ ብቻዬን ልጨርስ ተቀመጥኩ። የመጨረሻው ገጽ ተቀዶ ጠፍቷል። ታሪኩ እንዴት እንደሚያልቅ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ደጋግመው ስለነገሩኝ በቃሌ አውቀዋለሁ። እሳቸው እንደሚያወሩት አድርጌ ሁሉንም ጻፍኩት። ከዚያ ወደ ወንበራቸው ዞሬ ጠበቅኩ።

ከየት አመጣሽው ያለኝ የለም።

አጠፋሁትና ቅንፍ ከፈትኩ፦ [የመጨረሻው ገጽ የለም]።