ያልታጠበው ሻሽ

አይናለም ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ሆዷ ገፋ ሲል፣ የመጀመሪያዋ ልጇ ዜማ ገና ጡት አልተወችም ነበር። ደብረ ማርቆስ ያሉ ጎረቤቶቿ በመከሯት መሠረት ጡቷን ሬት ቀብታ ሞከረች። ልጅቱ ፊቷን አጨማደደች፣ ምራቋን ተፋች፣ ተመልሳም ጠባች። እንግዲያው እንደ ድሮው ልማድ አያቶቿ ዘንድ ትሰንብት ተባለና የአይናለም አባት አቶ የኋላሸት ከቾቄ ተራራ ሥር ካለችው ሮብ ገበያ ሊወስዷት ወረዱ።

«አባዬ፣» አለች አይናለም በር ላይ ቆማ፣ «ጡቱን ትርሳ። እኔን እንዳትረሳኝ ብቻ አደራ።»

«ቃሌ ነው፣ እጅሽ ላይ አስረክባታለሁ። በይ ያን የራስሽን ሻሽ ስጪኝ።»

«ይሄ እኮ ቆሽሿል፣ ንጹሕ አለ።»

«የቆሸሸውን ነው የምፈልገው።»

አቶ የኋላሸት ይህን ያሉት ያለ ነገር አልነበረም። አይናለም ራሷ በዜማ ዕድሜ ሳለች ጡት እንድትተው ከሸንተረሩ ማዶ አያቷ ዘንድ ሰንብታ ነበር። ሊመልሷት የሄዱ ዕለት ሕፃኗ አያቷ ቀሚስ ሥር ተወሸቀች፤ እናቷ እቴናት እጃቸውን ሲዘረጉላት እንደ ባዕድ አይታቸው ጮኸች። እቴናት የምታለቅስ ልጅ ታቅፈው፣ ራሳቸውም ነጠላቸውን ተከናንበው እያለቀሱ በፈረስ ተመለሱ። የኋላሸት ልጓም ይዘው ከፊት ሄዱ፤ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ያኔ ወጣት አባት ነበሩ፤ ልጅ የሴት ጉዳይ ይመስላቸው ነበር።

አሁን ግን ነገሩ በእሳቸው እጅ ወደቀ። ድምፃቸው በሬ ያስቆም ነበር፣ ዜማን ግን አላስቆመም። «ዝም በይ!» ሲሉ ዝም ያሉት ዶሮዎቹ ናቸው። እናቷ ስትደውል ልጅቱ ስልኩን ገልብጣ ከጀርባው ፈለገቻት፤ ስታጣት የባሰ አለቀሰች። ስልኩ ቀረ። የኋላሸትም ቀስ በቀስ አንድ ነገር ገባቸው፦ የሚያለቅስ ልጅ ከላይ ሆነው ሲያዙት አይሰማም፣ አጠገቡ መሬት ላይ ሲቀመጡ ግን ይሰማል።

የቾቄ ውርጭ ሲለቅ ጠዋት ጠዋት ግድግዳው ሥር ፀሐይ እየሞቁ፣ ትኩስ ድንች ልጠው ያጎርሷት ጀመር። ከዚያ ሻሹን ራሳቸው ላይ ጣል ያደርጉና፣ «እማዬ እንዴት ነው የምታስረው?» ይላሉ።

«አይደለም! እማዬ እንዲህ!» ትላለች ዜማ፣ እየሳቀች በትንሽ እጇ ግንባራቸው ላይ እየጎተተች። ከዚያ አፍንጫዋን ሻሹ ውስጥ ቀብራ ትቆያለች።

ጎረቤታቸው ምስጋናው ሲያልፍ አየና፣ «ምነው የኋላሸት፣ ሻሽ አሰርክ?»

«አሰርኩ። ከወደድከኝ ሽማግሌ ላክ!»

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ ሻሹ አጥር ላይ ተሰጥቶ ነጭ በነጭ ሆኗል። ወይዘሮ እቴናት በሳሙና ፈትገውታል። ዜማ አሸተተችውና ጣለችው።

«ምን አደረግሽ እቴናት! እናቷን አጠብሻት እኮ!»

«አፈር መስሎ! ሰው ምን ይለናል?» አሉ እቴናት። ከዚያ የተጣለውን ሻሽ አዩት፤ የድሮውም ነገር ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ አንስተው በቀስታ አጠፉት። ልጅቱ ከዚያ ወዲህ የእናቷን ስም አልጠራችም።

የኋላሸት በሳምንቱ ማርቆስ ወረዱ። አይናለም እንዳየቻቸው ጠየቀች፦ «ታነሳኛለች?»

ውሸት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። «ሻሹን ስጪኝ፣» አሉ ብቻ። ከራሷ ፈታ ሰጠቻቸው። የሚኒባሱ ናፍጣ ሽታ እንዳይገባበት በፌስታል ጠቅልለው፣ ጋቢያቸው ውስጥ ይዘው ወጡ። የጠዋቱም ጨዋታ ቀጠለ።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ መውለጃዋ ተቃርቦ፣ አይናለም ልጇን ልትወስድ መጣች። ዜማ ከባጃጅ የወረደችውን ሴት አይታ ሮጣ አያቷ ጋቢ ሥር ገባች። አይናለም እጇን ዘርግታ ቀረች። እቴናት አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

የኋላሸት ልጅቱን ወደፊት ሊገፏት ቃጣቸው። ግን ተዉት፤ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። አይናለምም አይታቸው ቁጭ አለች።

ዜማ በጋቢው ጠርዝ አጮልቃ አየች። የሴትየዋ ራስ ባዶ ነው። ወደ ቤት ገባች፤ ሻሹን መሬት ለመሬት እየጎተተች ተመለሰች። አይናለም ራስ ላይ ጣል አደረገችውና ጠርዙን ግንባሯ ላይ ጎተተችው።

«እማዬ እንዲህ!»

አፍንጫዋንም እናቷ አንገት ውስጥ ቀበረች።

አይናለም እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች። «እማዬ፣ እኔስ? ከአያቴ ቤት ሊወስዱኝ ሲመጡ እንዴት ሆንኩ?»

«አንቺማ!» አሉ እቴናት። «ገና ከሩቅ ስታዪኝ ሮጠሽ መጥተሽ አንገቴ ላይ ተጠመጠምሽ።»

የኋላሸት ሚስታቸውን አዩ። ልጓም ይዘው እንደሄዱባት ቀን አንድ ቃል አልተናገሩም። ጋቢያቸውን አራግፈው ተነሡና፣ «ግቡ በሉ፣» አሉ፣ «ድንቹ ይቀዘቅዛል።»