እንግዳው ፈረስ በቦር ሜዳ

«አንቺ እንግዳ መቀበል አታውቂም» አለችኝ ታላቅ እህቴ ሆዳን፣ ፊት ለፊቴ። «ድሮም አታውቂም። ለፈረስ እንኳን አላወቅሽም።»

ደወሌ ነን፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ እሷ ቤት። ጉምሩክ አጠገብ ሥራ ካገኘሁ ወዲህ የምኖረው ከእሷ ጋር ነው። የባሏ የአክስት ልጅ ከጅቡቲ መጥታ አልጋዬን ከያዘች ሰንብታለች፤ መቼ እንደምትሄድ የሚጠይቅ የለም። እኔ ኮሪደር ላይ ፍራሽ አንጥፌ እተኛለሁ። ዛሬ የምሳውን ሩዝ ሳወጣ ከእንግዳዋ በፊት የመጀመሪያውን ሳህን ለሆዳን ልጆች ልሰጥ ስዘረጋ ሳህኑን ከእጄ ቀማችኝ። ጥፋቴ ይኸው ነው።

ፈረስ ስትል ግን ጅግጅጋ ድቅን አለችብኝ።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ከተማው አልቆ ሜዳው የሚጀምርበት ጫፍ ላይ ነው፤ ከደጃችን ካራማራ ተራራ ይታያል። ከጓሮ በእሾህ የታጠረች የግጦሽ ቦታ ነበረችን፤ ባለቤቷ ቦር ነው። ቦር ድንክ ፈረስ ነው። ስሙ በሶማልኛ አቧራ ማለት ነው፣ መልኩም አቧራ። የአባቴን የእህል ጋሪ ሲጎትት ኖሮ ባጃጅ ከተማውን ሲሞላው ጋሪው ቆመ፣ እሱ ቀረ። የማበላው እኔ፣ የማጠጣው እኔ። ይወደኝ ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ለምዶኝ ነበር። ያ ይበቃኝ ነበር።

የዚያን ዓመት የበልግ ዝናብ ቀድሞ ገባ። ሣሩ ጉልበት ድረስ አደገ፣ ጭቃው ጫማ ይቀማል። ሆዳን የታጨችው ያኔ ነው። ሽማግሌው የሙሽራው አጎት፣ አጎት ለማለት አደር ጉሌድ እንላቸዋለን፣ ከጥሎሹ ጋር አንድ ፈረስ ካልሰጠሁ አሉ። «ባጃጅ ይሻል ነበር» ብሎ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን ድሮ ያለ ፈረስ ጋብቻ አይታሰርም ነበር ብለው ቁመቱ የሚያስፈራ ዳማ ፈረስ ይዘው መጡ። ኒካው፣ የጋብቻ ውሉ፣ ሊታሰር ሲል ተመልሰው ሊያዩት ተስማሙ። ቢጎዳ የሙሽራው ወገን እንደ ስድብ ነው የሚቆጥረው።

አባቴ ዳማውን እንደ ሰው ነበር የተቀበለው። ቦርን ከግንዱ ጋር አሰረና የቦርን ሳፋ አነሳ፤ ፉርሽካውን ሞልቶ፣ ቦር ሁልጊዜ ከሚበላባት ጥግ ላይ ለዳማው አቀረበ።

«አባ፣ ቦር እያየ ነው» አልኩት።

«ይይ። እኔ ቤት እንግዳ ይቀድማል።»

«ፈረስ እንግዳ ምን እንደሆነ ያውቃል?»

«አንቺስ መቼ አወቅሽ?» አለኝ።

ቦር ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ ዳማው በልቶ እስኪጨርስ አየ። በተፈታ ቅጽበት ተወረወረ። ዳማው ቁመቱ እጥፍ ቢሆንም የሰው ቤት መሆኑ ገብቶታል መሰለኝ፣ ሸሸ። ቦር ሽንጡን ነክሶ ከእሾህ አጥሩ ጋር አጣበቀው። ዳማው ደረቱ እየደማ፣ ዓይኑ ነጭ ብቻ ሆኖ ቀረ። አባቴ ቦርን በዱላ አባረረውና ወደ እኔ ዞረ።

«አንድ ጊዜ ይድገማት። ወላሂ ከብት ገበያ ወስጄ ለጋሪ ነጂ ነው የምሸጠው።»

አባቴ ወላሂ ካለ አለቀ። የጋሪ ፈረሶቹን ደግሞ በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ አያቸው ነበር፤ ጀርባቸው የተላጠ፣ ዝንብ ቁስላቸው ላይ የሰፈረ።

በማግስቱ አባቴ ለሱብሂ ሶላት መስጊድ እንደሄደ ወጣሁ። ለቦር በራሱ ጥግ፣ በራሱ ሳፋ ቀድሜ ሰጠሁት። ለዳማው በሌላ ዕቃ፣ ከበሩ አጠገብ። መሐል ላይ ቆምኩ። ቦር አፉን ከፉርሽካው አንስቶ ወደ ዳማው ሄደ። በትከሻው ገፍቶኝ አለፈ። አፍንጫ ለአፍንጫ ተሸታተቱ፣ ቦር ጮኸ፣ መሬቱን በኮቴው መታ። ዳማው አንገቱን ዝቅ አደረገ። ቦርም ዞሮ ወደ ምግቡ ተመለሰ። ገብቼ ቁርሴን፣ ላሆህ የምንለውን ስስ እንጀራ በሰሊጥ ዘይት፣ በላሁ።

ሁልጊዜ ማለዳ እንደዚያ ማድረግ ቀጠልኩ። ቀስ በቀስ ተቀራረቡ፤ ሠርጉ ሲደርስ አንዱ በአንዱ ጅራት ዝንብ እያባረረ ጎን ለጎን ይቆሙ ነበር። አባቴ ደስታውን አልቻለውም። «አየሽ? እንግዳ ሲከበር ቤት ሰላም ይሆናል!» ማለዳ የማደርገውን አልነገርኩትም። እኔ ዝም ማለቴ ብቻ ሊያስጠረጥረው ይገባ ነበር።

ሽማግሌዎቹ መጡ። አባቴ አደር ጉሌድን ወደ ጓሮ ወሰዳቸውና እንዴት እንደሚያስተናግድ ሊያሳያቸው ሳፋውን ሞላ። ቦር አልታሰረም። አባቴ ሳፋውን ይዞ ቦርን አልፎት ወደ ዳማው ሲሄድ ቦር ጆሮውን ለጠፈ፣ የኋላ እግሩን አነሳ። ከኋላው የቆሙት ደግሞ ሽማግሌው ናቸው።

«አባ! ለቦር አስቀድም!»

አልሰማኝም። ሮጬ ሳፋውን ከእጁ ነጥቄ ቦር አፍንጫ ሥር አኖርኩት። ቦር እግሩን አወረደ። በላ። ዳማው ራቅ ብሎ ቆሞ ጠበቀ፤ ለምዷል።

የአባቴ ፊት አመድ ሆነ።

«ናያ፣ አንቺ ልጅ» አሉ አደር ጉሌድ። «የእኛ ፈረስ እናንተ ቤት ሁለተኛ ነው የሚበላው?»

«አዎ አደር። ሁለተኛ ይበላል፣ ግን በሰላም ይበላል።»

ዳማው ደረት ላይ የሻረውን ጠባሳ በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ይቺን የሚያገባ ወንድ አላህ ይርዳው!» አሉ። ኒካው ታሰረ። ቦር አልተሸጠም፤ በሜዳው አርጅቶ ሞተ። አባቴ ሠርጉ እስኪያልፍ አላናገረኝም፤ ችዬዋለሁ። ያንን ቀን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ድረስ ያሸነፍኩበት ቀን ነበር የሚመስለኝ።

«ቦርን እኮ ያዳንኩት እንደዚያ አድርጌ ነው» አልኳት ለሆዳን፣ ሳህኑ እጇ ላይ እንዳለ።

«አውቃለሁ» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ እንግዳዋ ሳሎን ናት። «አደር ጉሌድ ቃልሽን ይዘውት ቤት ገቡ። አማቴ ወደደችው። ሙሽራ ሆኜ በገባሁበት ቤት፣ እሷ እስክትሞት ድረስ፣ ሁሉም በልቶ ሲነሳ ሳህኔን እየገፋችልኝ ‹ሁለተኛ ይበላል፣ ግን በሰላም ይበላል› ትለኝ ነበር። ‹እህትሽ ናት ያለችው› ትለኛለች። በራሴ ቤት ማንም እንግዳ እንደዚያ እንዳይበላ ያኔ ማልኩ።»

ሩዙ እየቀዘቀዘ ነበር። ሳህኑን ከእጇ ተቀበልኩና ሳሎን ገብቼ ለእንግዳዋ ሰጠሁ። ሁለተኛውን አውጥቼ ሆዳን ፊት አኖርኩ፣ ለልጆቹም ከዚያ። በእኔ ቃል ስትቆስል የኖረች እህቴ ቤት ከዚያ በላይ መቀመጥ ከበደኝ፤ ፍራሼን ጠቀለልኩ። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁና ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው መኪና ላይ ተሳፈርኩ።