ጠጥቷል ወይ?

በየጠዋቱ የጋራዡን በር ከፍታ መብራት ከማብራቷ በፊት ታሸታለች። ጨለማው ውስጥ ቆማ አየሩን አንዴ ወደ ውስጥ ትስባለች፤ ቤንዚን ሲያንጠባጥብ ያደረው የትኛው መኪና እንደሆነ ያኔውኑ ታውቃለች። ሥራው ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ሞተር ውስጥ እሳት የምትጭረዋን ካንዴላ ፈትታ፣ አገላብጣ አይታ በሽታውን ስለምትናገር ሰፈሩ «እትዬ ካንዴላ» ይላታል።

ሐሙስ አንድ ሰዓት ላይ የታናሽ ወንድሟ ሚስት ደወለች።

«እትዬ፣ አልነሳም ብሏል።»

«ጠጥቷል?»

«ኧረ ከተወ ሦስት ዓመቱ ነው።» ቀጥሎ ድምፅዋ ከስልኩ ራቀ፦ «አንተ ሰውዬ፣ ማታ የት ነበርክ? እህትህ ጠጥቷል ትላለች።»

«ሞተሩን ነው የምልሽ። ቤንዚን ከልኩ በላይ ጠጥቷል ወይ?»

«እኔ በምን አውቄ? ሽታው ግን ግቢውን ሞልቶታል።»

«በቃ ጠጥቷል። ቁልፉን ቀሚው፤ መጣሁ።»

ወንድሟ ያለው አንድ ያረጀ ሚኒባስ ነው። የዚያን ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ መገኘት ነበረበት። ተማሪ ለማመላለስ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራውን መኪና ርዕሰ መምህሯ አይተው ይመርጣሉ። ሌሎች ሁለት ሹፌሮችም ተራ ይዘዋል።

እትዬ ካንዴላ ስትደርስ ኮፈኑ ተከፍቷል፤ ወንድሟን ላብ አጥምቆታል።

«ቤንዚን መስጫውን ስንቴ ረገጥከው?»

«ጥቂት ነው።»

«እንደ ልብስ ስፌት መኪና?»

«እንደዚያ ነገር።»

«የሰከረ ሰው ሌላ ብርጭቆ አይቀዳለትም፣ ወንድሜ።»

«እሱ ይህን አሳምሮ ያውቃል» አለች ሚስቱ ከበሩ።

እትዬ ካንዴላ በካቻቪቴው እጀታ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ቀስ አድርጋ መታ መታ አደረገችው። ውስጡ ቤንዚን የምትዘጋ ትንሽ መርፌ አለች፤ ተከፍታ ተጣብቃ ነበር። ከዚያ ብልጭታ የሚያመጣውን ሽቦ ነቀለች፤ የፈሰሰ ቤንዚን ባለበት እሳት አትፈልግም። አራቱን ካንዴላ ፈታች። አራቱም ርሰዋል። በጨርቅ አደረቀቻቸው። ወንድሟ ያለ ካንዴላ ሞተሩን ሲያዞረው ቀዳዳዎቹ ቤንዚኑን እንደ ጉም ተፉት። ቀጥላ የተረፈው ቤንዚን እስኪተን እጇን አጣጥፋ አሥር ደቂቃ ቆመች።

«ሰዓቱ እየሄደ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ይሂድ። እንደርስበታለን።»

ካንዴላዎቹን መለሰች፤ ሽቦውን ሰካች። «አሁን መስጫውን እስከ ታች ርገጥና ያዝ። እንዳትደጋግመው። አዙር።»

ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ ሁለቴ ሳለ፣ ጥቁር ጭስ ለቀቀና ተነሳ።

«እግርህን ቀስ እያልክ አንሳ» አለች፤ መፍቻዋን መጥረግ ጀምራለች።

ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ሚኒባሱ ትምህርት ቤቱ በር ደረሰ። ርዕሰ መምህሯ አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ።

«ምን ይሸታል?»

«ጠዋት ጠጥቶ ነው» አለ ወንድሟ ሳያስበው።

«ማን?»

«ሞተሩ። ቤንዚን በዝቶበት። እህቴ አስተካክላዋለች፤ መካኒክ ናት።»

ርዕሰ መምህሯ ትንፋሹን ለማሽተት አንድ እርምጃ ጠጋ አሉ፤ ቆይተው ፈገግ አሉ። «አንተ ካልጠጣህ ይበቃኛል። ሞተሩን ግን እስከ ሰኞ ፈውሱት።»

ቅዳሜ እትዬ ካንዴላ የካርቡራተሩን መርፌ ትቀይራለች። ሰኞ አሥራ አንድ ልጆች ይሳፈራሉ።