የጆርጅያዋ ወሎዬ

ልጅ እያለሁ የምናገረው እንግሊዝኛ የሚስ ሎሬታ እንግሊዝኛ ነበር። ከደሴ ተነስተን አሜሪካ ስንገባ መጀመሪያ ያረፍነው ጆርጅያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው፤ እኔ ያኔ ገና የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴና እናቴ ዶሮ ፋብሪካ በፈረቃ ስለሚሠሩ የምውለው ጎረቤታችን ሚስ ሎሬታ ዘንድ ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ርቀው የሄዱባት ጥቁር አሜሪካዊት ባልቴት ናት። ቤቷ ሁልጊዜ የተጠበሰ ባሚያ ይሸታል። በረንዳዋ ላይ ተቀምጠን አተር ስንፈለፍል ታወራኛለች፤ አተሩ ያልቃል እንጂ ወሬዋ አያልቅም።

ሚስ ሎሬታ ስትናገር አትቸኩልም። ቃሉን ታነሳና ትጎትተዋለች፣ አንዱን ድምፅ ሁለት አድርጋ ታወጣዋለች፣ መጨረሻውን ደግሞ ትውጠዋለች። ማንንም ሰው «ሀኒ»፣ የኔ ማር እንደማለት፣ ሳትል አታናግርም። ፖስታ የሚያመጣው ሰውዬም ሀኒ ነው፣ ድመቷም ሀኒ ናት። እኔ ለትልቅ ሰው ስመልስ «ማም» የምትለውን የአክብሮት ቃል ከረሳሁ ቅንድቧን ታነሳለች፤ አስተካክዬ እስክናገር ድረስም አትሰማኝም። ከምግብ በፊት ዓይኗን ጨፍና ረጅም ምርቃት ታወርዳለች። እኔም ሳላውቀው በቃሌ ያዝኩት። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ስለው እናቴ ሰማችኝና ትቆጣኛለች ብዬ ስፈራ፣ «ምርቃት ጥሩ ነው፤ አሚን በይ» ብላ አለፈች።

አባቴም እንግሊዝኛውን የለቀመው እዚያው ነው። የጆርጅያ ሰዎች «እናንተ» ለማለት «ያል» ይላሉ። አባቴ ግን ይህ የአሜሪካኖች አንቱታ መሆን አለበት ብሎ ደመደመ፤ ከዚያ በኋላ ማን ያስረዳው! አለቃውንም፣ ዶክተሩንም፣ ፖሊሱንም በ«ያል» አከበራቸው።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ የአባቴ የአጎት ልጅ ደወለለት። «ሲያትል ሙቭ አድርግ ባክህ፤ ኤርፖርቱ ጃብ ሞልቷል» አለው። እቃችንን ጠቅልለን መጣንና ኤርፖርቱ አጠገብ ባለችው ሲታክ በምትባል ከተማ አፓርትመንት ተከራየን። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ይርገፈገፋል፤ እናቴ ወሬዋን አቋርጣ እስኪያልፍ ትጠብቅና ካቆመችበት ትቀጥላለች። አባቴ መንገደኞችን ከመኪና ማቆሚያ ወደ ኤርፖርት የሚያደርስ ሻትል መንዳት ጀመረ። ብቻውን የገባ መንገደኛ አባቴ «ያል» ሲለው ሌላ ሰው ተከትሎት የገባ እየመሰለው ወደኋላ ይዞር ነበር።

በአዲሱ ትምህርት ቤቴ እንግዳ መሆን ብርቅ አልነበረም። ሶማሌው፣ ቬትናሙ፣ ሜክሲኮው፣ ሐበሻው ተደባልቋል። እንግሊዝኛ ሲናገሩ ግን ሁሉም አንድ ናቸው፤ ፈጠን ያለ፣ ለስላሳ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ። መምህሯ አስነስታኝ ስሜንና የምወደውን ነገር ስናገር ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አልፈርድባቸውም። ሻሽ ያሰረች ቀጭን ሐበሻ ቆማ ከአፏ የሚወጣው የጆርጅያ ባልቴት ድምፅ ነው! ከሁሉም በላይ የሳቀችው ሀያት ነበረች። ሀያት የወሎዎቹ ሽማግሌ የአባባ ይመር የልጅ ልጅ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው። «ግራኒ»፣ አያቴ እንደማለት፣ የሚል ስም አወጣችልኝና ምሳ ሰልፍ ላይ ድምፄን እየጎተተች ትቀዳኝ ጀመር። ከፈረንጅ ልጅ ይልቅ ከራስ ወገን ሲመጣ ያንገበግባል።

«ዝም አይነቅዝም» ሲባል ሰምቼ ነበርና ዝም አልኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንደሚባለው፣ አንድ ቀን ኳስ ስንጫወት ረስቼው ጮህኩና እንደገና ተሳቀብኝ። ከዚያ ወዲያ ጨርሶ ተዘጋሁ። መምህሯ ስትጠይቀኝ ወለል ወለሉን አያለሁ። በኋላ አስተርጓሚ ይዛ ቤት ደወለች። ልጃችሁ ስሟን ከመናገር አልፋ እንግሊዝኛ የምትችል አይመስለኝም፤ ሰኞ ትፈተን፤ መናገር ካልቻለች ከአራተኛ ክፍል ወጥታ ጀማሪዎች ክፍል ትገባለች አለች።

አባቴ ስልኩን እንደያዘ ቀረ። ክሊኒክ ሲሄድ አስተርጓሚው እኔ ነኝ፤ የሻትል ሥራውን ሲጠይቅ እንኳ አጠገቡ ቆሜ ያስተረጎምኩለት እኔ ነኝ። «የኔ ልጅ እንግሊዝኛ እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው» እያለ ለሰው ሁሉ ያወራል። «ፋጤ፣ ምን ሆንሽብኝ?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ጀማሪዎች ክፍል መግባቱን አልጠላሁትም፤ እዚያ ማንም ስለማይናገር ማንም አይስቅብኝም። ያንን ምሽት የአባቴን ፊት ማየት ግን ከበደኝ።

ቅዳሜ ጎረቤት ከተማ ቱክዊላ፣ አባባ ይመር ቤት ዱዓ ነበር። ጫማው በሩ ላይ ተቆልሏል፣ የእርድና የኮረሪማው ሽታ ደረጃው ድረስ ይመጣል። ማዕዱ ቀርቦ ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ጋሽ ብርሃኑ «ሶሪ፣ ሶሪ፤ ፓርክ የማደርግበት አጥቼ ነው» እያለ ገባ። ጋሽ ብርሃኑ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ታክሲ ይነዳል፣ ክርስቲያን ስለሆነም ሴቶቹ ለሱ ሽሮ ለብቻው ይሠሩለታል። እናቴ ሽሮውን ፊቱ አስቀመጠችና «ና ተቀመጥ የኔ ጌታ፣ ዝናብ መታህ እንዴ?» አለችው፣ በዚያ በተለመደው ረጅም የወሎ አነጋገሯ።

«ዘይነባ፣ አንቺ እኮ አንድ ነገር ተናግረሽ እስክትጨርሺ እኔ ኤርፖርት ሰው አድርሼ እመለሳለሁ» አላት።

ቤቱ ሳቀ። እኔ ክው አልኩ፤ እናቴም እንደኔ አንገቷን የምትደፋ መሰለኝ። እሷ ግን ከበፊቱ ይልቅ እያዘገመች፣ እያስረዘመች፣ «አይ የአዲስ አበባ ሰው! ሜትር የሚቆጥርብህ ይመስል ምን ያጣድፍሃል?» አለችው። ሳቁ ጣራ ነካ፤ ጋሽ ብርሃኑም እጁን አነሳ። ስትናገር የተሳቀባት እናቴ በዚያው አነጋገሯ አሸንፋ ስትቀመጥ ዓይኔን ከሷ ላይ መንቀል አቃተኝ።

ሳቁ ሲበርድ አባቴ የትምህርት ቤቱን ጉዳይ አነሳ። አባባ ይመር ጠሩኝ። ነጭ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ «ፋጤ፣ እንግሊዝኛው ጠፋሽ እንዴ?» አሉኝ።

«አልጠፋኝም፤ ይስቁብኛል» አልኩ በሹክሹክታ። «የጆርጅያ ነው አፌ። እንደ ሚስ ሎሬታ ነው የምናገረው።»

«ምን አስተማረችሽ ሚስ ሎሬታ?»

እናቴ ቀደመችኝ፤ «ከምግብ በፊት የምትመርቀውን ታውቃለች።»

«እንግዲያ መርቂና! እኛ አሚን እንላለን» አሉ አባባ ይመር።

በኛ ደንብ የሚመርቅ ትልቅ ሰው ነው፤ ልጅ አሚን ይላል። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። እሳቸው ግን «የልጅ ዱዓ አይመለስም» ብለው መዳፋቸውን ዘረጉ። እሳቸው ከዘረጉ ማን ይቀራል? ቤት ሙሉ ሰው፣ ጋሽ ብርሃኑ ሳይቀር፣ መዳፉን ዘርግቶ እኔን ጠበቀ። ሀያት አያቷን አየች፤ አያቷም አዩዋት፤ እሷም ዘረጋች።

ዓይኔን ጨፈንኩ። የመጀመሪያው ቃል ወጣ፣ እንደዚያው እየተጎተተ፣ በሚስ ሎሬታ ድምፅ። ጌታ ሆይ፣ ይህን ማዕድ ባርክልን። «አሚን!» አለ ቤቱ። ያበሰሉትን እጆች ባርክ። «አሚን!» ሚስ ሎሬታ ከቃል ቃል የምታርፍበት ቦታ ለአሚን ተብሎ የተለካ ነበር። አሚኑ በመጣ ቁጥር ድምፄ ከፍ አለ። መንገድ ላይ ያሉትን በሰላም መልስ፣ የራቁትን አቅርብ፣ የታመመውን ማር። ሲያልቅብኝ የራሴን ጨመርኩ፤ አባቴን፣ ሻትሉን፣ ደሴ ያለችውን አያቴን። ስጨርስ ሁሉም በመዳፉ ፊቱን አበሰ። እኔ እያለቀስኩ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

አባባ ይመር እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አያውቁም። «ይቺ ልጅ እኮ ወሎዬ ናት!» ብለው ጭናቸውን መቱ። «ቃሉ አልገባኝም፤ ዜማው ግን የኛው ነው። ጆርጅያ የአሜሪካ ወሎ ናት በሉኛ!» ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች። አንቺ ደግሞ ሁለት አገር አለሽ፤ ምን ቀረብሽ? አብሽሪ» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። በኛ ሰፈር ሰው አፉን ሲከፍት አገሩ ይታወቅበታል። እኚህ የራያ ናቸው፣ እኚያ የጎጃም፣ ያ ልጅ ጉራጌ ቤት ነው ያደገው ይባላል፤ ከዚያ «አገርህ የት ነው?» ተብሎ ዘመድ ይፈለጋል። ይቀላለዱበታል እንጂ የሚያፍርበት ሰው አላየሁም። አሜሪካም ያው አገር ነው ለካ፤ ጆርጅያ የራሱ አፍ አለው፣ ሲያትልም ምንም የለኝም ይበል እንጂ አለው።

ሰኞ አባቴ የሥራ ጃኬቱን እንደለበሰ አብሮኝ መጣ። ፈታኟ መነጽር ያደረገች ሴት ነበረች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ የምፈራውን ነው፤ ከየት ነሽ? ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩና፣ ሳልቸኩል፣ «ከጆርጅያ ነኝ ማም፤ ወላጆቼ ደግሞ የወሎ ሰዎች ናቸው» አልኳት። ከዚያ የበረንዳ ሥዕል አሳየችኝ። ኧረ ምን አሳያት! ስለ አተር አፈላፈል፣ ስለ ድመቷ፣ ስለ ባሚያው፣ አንዱንም ቃል ሳላሳጥር ነገርኳት። ሴትዮዋ እርሳሷን አስቀምጣ ሳቀች፤ የሀያት ዓይነት ሳቅ አልነበረም። ለአባቴ «ይቺ ልጅ ጀማሪዎች ክፍል ገብታ ማንን ልታስተምር ነው?» ብላ ስትነግረው ተረጎምኩለት። አባቴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በሚያውቀው አንቱታ ሁሉ አመሰገናት። ኮሪደሩን ደረቱን ነፍቶ ሲወጣ ከኋላው እየሮጥኩ ነበር የምደርስበት።

ልጆቹ ወዲያው መሳቅ አላቆሙም። እኔ ግን ሲቀዱኝ እንደ እናቴ ይበልጥ አስረዝመው ጀመር፤ ቀድተው የማይጨርሱት እስኪሆን ድረስ። ሀያት መጨረሻ ላይ ተሸንፋ «እንዴት ነው የምትዪው? አስተምሪኝ» አለች። እስከ ዛሬ ጓደኛዬ ናት።

ያ ድምፅ ዛሬ በአብዛኛው ሳስቷል። ዛሬም ሲታክ እኖራለሁ፤ ሌክ ሲቲ በሚባል የሲያትል ሰፈር ነርስ ሆኜ እሠራለሁ፣ ቀኑን ሙሉ እንደ ሲያትል ሰው አወራለሁ። ሚስ ሎሬታ ካረፈች ቆየች። አንዳንድ ቀን ግን የፈራ በሽተኛ ሳጽናና «ሀኒ» ስል ራሴን እሰማለሁ፤ እሷ ናት። የሥራ ባልደረቦቼ «አንቺ ከየት ነሽ?» ይሉኛል። እኔም መልሴን አላሳጥርላቸውም።

ባለፈው ኢድ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከደሴ የመጡ አንዲት እናት ቤታችን ገብተው ነበር። የስምንት ዓመት ልጄ ሰልማ ቴምር እየጎረሰች፣ በዚያ በሚጣደፍ፣ «ጰ» እና «ቀ»ን በሚያላላ አማርኛዋ ወሬ ጀመረቻቸው። እናትየዋ ጆሯቸውን አቅንተው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «አነጋገርሽ ለየት አለብኝ የኔ እናት፤ አገርሽ የት ነው?» አሏት። በልጄ ፈንታ ልመልስ፣ የአያቶቿን አገር ልቆጥር አፌን ከፈትኩ።

«ሲታክ» አለች ሰልማ፤ ልክ ሰው ደሴ እንደሚለው።

«ሲታክ?» አሉ ስሙን እየሞከሩት። «ደግ አገር ነው?»

«አዎ፣ በጣም!»

እኔ አገሬን ለመናገር አንድ ቤት ሙሉ ሰው አሚን እያለ ሊደግፈኝ ግድ ነበር። ልጄ ቴምሯን እንኳ ሳትውጥ ተናገረችው።