የአያቴ የክርስትና ስም

አባቴ እግሩ ከከዳው በኋላ የሚያብሰለስለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእናቱ የክርስትና ስም። ገና ልጅ ሳለ ነው የሞተችበት። ሳይሞት ተዝካሯን ማውጣት ፈለገ፤ ቄሶቹ ደግሞ በዓለም ስም ጸሎት አያደርሱም። የክርስትና ስሟን የነገረው ሰው የለም።

“አንቺ ተምረሻል፣ መዝገብ ታውቂያለሽ። ፈልጊልኝ” አለኝ።

መዝገብ ማወቄ እውነት ነው። ቀኑን ሙሉ መሥሪያ ቤት መዝገብ ሳገላብጥ ነው የምውለው። ከዚያ የዳቦ ሰልፍ፣ ከሰልፉ የቀበሌ ስብሰባ። እሁድ እንኳን የኔ አልነበረችም፤ ውይይት ክበብ ተቀምጬ ስለ ሰፊው ሕዝብ ሲነገረኝ ዓይኔ ይከደንብኛል። የደርግ ዘመን ሲነሳ እኔን ቀድሞ የሚታወሰኝ ድካሙ ነው። በዚያ ሁሉ ላይ ይህ ሲጨመርብኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አባቴን ተቀየምኩት።

መጀመሪያ ቀበሌ ሄድኩ። የቤተሰባችን ቅጽ የአባት ስም ይላል፣ የአያት ስም ይላል፤ እናት የምትባል ፍጡር ያለች አይመስልም። ጸሐፊውን ስለ አያቴ ብጠይቀው “ጓዲት፣ እኛ በሕይወት ያሉትንም መዝግበን አልጨረስን” አለኝ። አልፈረድኩበትም።

ከዚያ እንጦጦ ማርያም ወጣሁ፤ አንዴ ብቻም አይደለም። አባቴን ያሳደገው አጎቱ፣ እናትህ እዚያ ተቀብራለች ብሎት ነበር። አንድ ሽማግሌ ቄስ ተዝካር የወጣላቸው ሰዎች ስም የሰፈረበትን ደብተር አምጥተው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልኝ። ወለተ ብለው የሚጀምሩት ስሞች ማለቂያ አልነበራቸውም።

“ከነዚህ የትኛዋ ናት፣ ልጄ?”

የትኛዋም ልትሆን ትችላለች። አመስግኜ ዳገቱን ወረድኩ።

ባዶ እጄን በተመለስኩ ቁጥር አባቴ ያንኑ ይደግምልኛል። “እናቴ እኮ ጻድቅ ነበረች። ለፋሲካ እንኳን ሥጋ በአፏ አይዞርም። ከመሶቡ አንስቼ ላጉርስሽ ስላት፣ እጄን ይዛ ወደ ራሴ አፍ ትመልሰው ነበር። እንዲህ ያለች ሴት ስሟ እንዴት ይጠፋል?”

ከአጥራችን ማዶ እንደ አያቴ ከወሎ የመጡ ሙስሊም አሮጊት ይኖሩ ነበር፤ ልጃቸው ባለሱቅ ነው። በልጅነታቸው አያቴን ያውቋት እንደነበር ሰምቻለሁ። ግን የክርስትና ስም ከሙስሊም እንዴት ይጠየቃል? አንድ ቀን ከእንጦጦ ስመለስ ጫማዬ ተረከዜን ልጦት ሱቁ ደጃፍ ቁጭ አልኩ። አሮጊቷ እዚያ ተቀምጠው ነበርና የት እንደዋልኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

“የማንን የክርስትና ስም?”

“የአባቴን እናት፣ እማማ።”

መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

“መች ክርስትና ተነሣችና! እሷ እኮ የኛ ሰው ናት። የኛ መቃብር ነው ያለችው፤ ከፈኗን የገዛው አባቴ ነበር። አያትሽን ወዳ ገባች፤ ሃይማኖቷን ግን አልሰጠችም። ሥጋችሁንም አልቀመሰችም።”

“አባቴ እኮ ይህን አያውቅም!”

“ወላሂ፣ የሚያውቅ መስሎኝ! አውቆ የተወው መስሎኝ ነው ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ያልኩት።”

የዓለም ስሟም ወሎ ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ለልጁ የሚያወጣው ስም ስለነበር ማናችንም አልጠረጠርንም፤ ያሳደገው አጎቱም እውነቱን ለአባቴ ደብቆት ኖሯል። ያን ሁሉ ዳገት የወጣሁት ያልነበረ ስም ፍለጋ ነው። መሳቅ ነበረብኝ፤ አቅም አጣሁ።

ለአባቴ ስነግረው ማለዘቢያ ቃል አልፈለግኩም፤ ደክሞኝ ነበር። የሰማሁትን እንዳለ ነገርኩት። ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለችው የማርያም ሥዕል ቀና አለ። ይጮህብኛል ብዬ ፈራሁ።

“እነሱስ” አለ፣ “ለሞተ ሰው ምን ያደርጋሉ?”

ባለሱቁ በቤቱ ዱዓ አስደረገላት። አባቴን ደግፌ ወስጄ ጥግ አስቀመጥኩት። ሲጸልዩ በዓለም ስሟ ጠሯት፤ ሌላ ስም የጠየቀን አልነበረም። አባቴ ስሟ በተጠራ ቁጥር ጎንበስ ይል ነበር።

ከዱዓው በኋላ ሥጋ ቀረበ። አሮጊቷ እንደማንበላ ያውቃሉና ለእኔና ለአባቴ ዳቦና ሽሮ ለብቻ አኑረውልናል። የባለሱቁ ትንሿ ልጅ ግን ይህን የምታውቅበት ዕድሜ ላይ አልደረሰችም። አባቴ ሥጋ ሳይደርሰው የቀረ መስሏት፣ ከራሷ ሳህን አንስታ ወደ አፉ ዘረጋችለት።

አባቴ ትንሿን እጅ ያዛትና ቀስ አድርጎ ወደ ራሷ አፍ መለሳት። ልጅቷ ጎረሰች። አባቴ እጇን ሳይለቅ ማልቀስ ጀመረ። ላባብለው አልሞከርኩም፤ አጠገቡ ተቀምጬ ዳቦዬን በላሁ።