በሬ ሸጬ የገዛሁት ጧፍ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሕይወት ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «አባባ፣ አንተ ነጋዴ አይደለህ? እስኪ አዲስ ሱቅ የከፈተ ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ንገረኝ» አለችኝ። የእውነት ሱቅ መስሎኝ ደንገጥ አልኩ። ለካ ጨዋታ ነው። ስልኩ ውስጥ በሯ ላይ አበባ የተተከለባት፣ መስኮቷ ላይ ድመት የተኛችባት ትንሽ ሱቅ አለች። ደንበኞች ሲገቡ ከራሳቸው በላይ የሚፈልጉት ዕቃ ሥዕል ብቅ ይላል፦ ዳቦ፣ ወተት፣ ሳሙና። ልጄ ግን በመንደሩ ያለውን ማር በሙሉ ገዝታ ዋጋ ሰቅላበታለች። መደርደሪያው በማር ስለተሞላ ለዳቦ የሚሆን ቦታ የለም፤ ደንበኞቹም ፊታቸውን አጨፍግገው ይወጣሉ።

«እንግዲህ አጥፊውና እንደገና ጀምሪ» አልኳት።

«ጀምሬ ነበር እኮ። ይሄ ሦስተኛዬ ነው።»

በጨዋታ ጊዜ ማባከን አልወድም፤ ልጆቼም ይህን ያውቃሉ። ልቆጣት አስቤ ተውኩት። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ስለዋልኩ ደክሞኝ ነበር። ደግሞም ያንን የማር ክምር አይቼ መቆጣት አልቻልኩም። እኔ ለሁለተኛ ጊዜ ለመጀመር ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ነው። ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ብሆንም ዕቃ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሁሉ እየፈታሁ ስለማነብ ከመንደሬ ሰው ሁሉ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ቤታችን ከገነተ ማርያም በላይ፣ ገብስ በሚበቅልበት ደጋ ላይ ነው። አባቴ ሁለት በሬ ነበረው። መንገዱ ተከፍቶ መኪናና እንግዳ ላሊበላ መግባት ሲያበዛ ንግድ ካልጀመርኩ ብዬ ያዝኩት። አንድ ክረምት ሙሉ ነዘነዝኩት። በመጨረሻ አንዱን በሬ ሸጠልኝ። ቃሌም አንዲት ነበረች፦ ለበልግ እርሻ፣ ጥር ሳያልቅ፣ በሬ ገዝቼ እመልሳለሁ።

ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ አንዲት ጭቃ ቤት ተከራየሁ። ባንኮኒ አሠራሁ። ከዚያ አሰብኩ። ለገና ሕዝብ ከየአገሩ ይጎርፋል፤ ሕዝቡ ሊሳለም ነው የሚመጣው፤ የሚሳለም ሰው ጧፍ ያበራል። ስለዚህ ጧፍ የያዘ ሰው ሁሉንም ያዘ። ኩልመስክ ገበያ ወርጄ ያገኘሁትን ጧፍ ጠርጌ ገዛሁ፤ ወልድያ ድረስም ሄጄ ጨመርኩበት። የበሬው ገንዘብ ሁሉ እስር እስር ጧፍ ሆኖ ጣሪያው ድረስ ተደረደረ። ቤቱ ሰም ሰም ይሸት ነበር፤ ያ ሽታ ያኔ የሀብት ሽታ መስሎኝ ነበር።

ከፊት ለፊቴ አያ ሰይድ የሚባሉ፣ ከወልድያ በኩል የመጡ ሸምገል ያሉ ነጋዴ መሬት ላይ ጨርቅ አንጥፈው ተቀመጡ። ሸቀጣቸው መርፌ፣ ክር፣ ቫዝሊን፣ የባትሪ ድንጋይና የፕላስቲክ ጫማ ነው። ሁሉም በአንድ ጆንያ ይገባል። ሳቅኩባቸው።

«አያ ሰይድ፣ ለክርስቲያን በዓል መርፌ ይዘው መጡ እንዴ?»

«የክርስቲያን እግር እሾህ አይወጋውም?» አሉኝ ቀና እንኳን ሳይሉ።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ሕዝቡ መግባት ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል፤ ረፋድ ላይ ደግሞ መንገዱ በአቧራና በነጭ ጋቢ ይሞላል። ከዋግ፣ ከጎጃም፣ ከትግራይ፣ ሳምንትና ሁለት ሳምንት በእግሩ የተጓዘ ሰው ነው። የከተማው ሰው ውኃ ይዞ ወጥቶ እግሩን ያጥበዋል፣ በሶና ቆሎ ያቀርብለታል። ከዚያ እንግዳው ተነሥቶ ወደ አያ ሰይድ ይሄዳል። መርፌ ይገዛል፣ እሾሁን ያወጣል። ቫዝሊን ይገዛል፣ የተሰነጠቀ ተረከዙን ይቀባል። እኔ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። እነዚያ ሰዎች ከራሳቸው በላይ ሥዕል አልነበራቸውም፤ የሚፈልጉት ነገር እግራቸው ላይ ነበር የሚታየው። አያ ሰይድ እግር እግራቸውን ያያሉ። እኔ የማየው እጃቸውን ነበር፤ ያውም ኪሳቸው ውስጥ ይገባ እንደሆን።

ጧፍ የሚጠይቅ ጠፋ። ምክንያቱ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የተሳለ ሰው ጧፉን ከቤቱ ይዞ ነው የሚመጣው፤ በገዛ ሰሙ፣ እቤቱ በተፈተለ ክር የተሠራውን። እናቴ ራሷ እንደዚያ ነበር የምታደርገው። በልጅነቴ ክሩን ይዤላት ስትሠራ አይቻለሁ። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልገኝም ነበር፤ ነጋዴ ልሁን ስል ነው የረሳሁት።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው አንዲት አሮጊት መጡ። ከዋግ ቆላ ነው የተነሡት። የመንገዱ ፀሐይ የያዙትን ጧፍ አቅልጦ እርስ በርሱ አጣብቆት እንደ ጉማጅ እንጨት ሆኗል። ልጃቸው ምጥ ጠንቶባት በሕይወት ስለተረፈች ያመጡት ስለት መሆኑን ነገሩኝ።

«ይህ አልላቀቅ ካለኝ እንኳ ብዬ ነው። ስንት ትለዋለህ ልጄ?»

በሆዴ አሰላሁ። የሚገዛው ሰው ጥቂት ከሆነ የሚገዛው ላልገዛውም ይክፈል አልኩ። በሬው ታየኝ፤ ጥር ታየኝ። የዋጋውን ሦስት እጥፍ ጠራሁ።

አሮጊቷ አልተከራከሩም። «በል ተወው» ብለው ከሱቄ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የተጣበቀውን ጧፍ በትንፋሻቸው እያሞቁ፣ አንድ በአንድ እያላቀቁ፣ ጉልበታቸው ላይ እያሹ ያቃኑት ጀመር። ዘወር ስል አባቴ በዱላው ተደግፎ ከበሩ ጎን ቆሟል። ለበዓሉ ወርዶ ሱቄን ሊያይ መምጣቱ ነው። መቼ እንደደረሰ አላወቅኩም። ዋጋውን መስማቱን ግን ፊቱ ላይ አየሁ።

ሰላም አላለኝም። ከሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጠና፣ «እናቴ፣ እጅዎን ያሳርፉ። ጥቂቱን እኔ ላቃናልዎ» አላቸው።

«እግዜር ይስጥህ። ልጅ አለህ?»

«አለኝ» አለ አባቴ። ቀና ብሎም አላየኝም።

እስከ ቀትር ድረስ ሁለቱ እያወጉ ጧፍ ሲያቃኑ እኔ ጣሪያ የነካ ጧፍ ተደግፌ ቆምኩ። አንድ እስር አውርጄ በነጻ ልስጣቸው የሚል ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር። አባቴ ‹ስላየሁት ነው የሰጠው› ይላል ብዬ አፈርኩና ተውኩት። ከሁሉም የሚቆጨኝ ይህ ነው። ከስስቱ ይልቅ ይህ።

አሮጊቷ መርቀውት ሲሄዱ አባቴ ልብሱን አራገፈና ወደ ባንኮኒው ተጠጋ።

«ያ በሬ» አለኝ በዝግታ፣ «ስምንት ዓመት ሲያርስልኝ አንድ ቀን እንኳን አላሳፈረኝም።»

ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ አላነሣውም።

በዓሉ አለፈ፣ ሕዝቡ ተመለሰ። ዋጋውን ከገዛሁበት በታች ባወርደውም የሚበዛው አልተሸጠም፤ የቀረውን አይጥ በላው። በጥር መጨረሻ አባቴ የቀረውን አንድ በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጀ። ቅድሚያው የጎረቤታችን ስለነበር የእኛ ማሳ ተራው ሲደርሰው ዝናቡ እያለፈ ነበር። የዘራነው ግማሹን ነው። በዚያ ዓመት ጎተራው ውስጥ ያለው ገብስ ከወገብ በታች ሲቀር፣ እናቴ እንጀራውን ስታሳንስ፣ ማንም ምክንያቱን አልጠየቀም። ሁሉም ያውቀዋል።

ሱቁን ዘግቼ ሦስት ዓመት ከአባቴ ጋር አረስኩ፤ ሁለተኛው በሬ ተገዛ። ከዚያ በኋላ ነው በአንድ ካርቶን መርፌ፣ ሳሙናና ጨው እንደገና የጀመርኩት።

ይህን ሁሉ ለሕይወት ነገርኳት። መጀመሪያ ምንም አትግዢ፣ የሚገባውንና የሚወጣውን ሰው እዪ አልኳት። ከሁሉም ጥቂት ጥቂት ያዢ፤ የጎደለውን ሰዉ ራሱ ይነግርሻል። ሰው ሲቸገር ዋጋ አትጨምሪ። በልጆቼ ፊት ስመክር ድምፄ ከፍ ይላል፤ ያኔም ከፍ ብሏል መሰለኝ።

ልጄ ስልኳን አስቀመጠችና፣ «ግን አባባ፣ ሴትዮዋ በዚያ ዋጋ ገዝተውህ ቢሆንስ?» አለችኝ።

ልቆጣ ነበር። መልሱን ግን አውቀዋለሁ። እሳቸው ገዝተውኝ ቢሆን ለሚቀጥለው ሰው አራት እጥፍ እጠራ ነበር። በሬውን በጥር እገዛ ነበር። አባቴም ያንን ዋጋ ባይሰማ ኖሮ በልጁ ኮርቶ ይሞት ነበር፤ እኔም ዛሬ ለልጆቼ የምመክረው ሌላ ነገር ይሆን ነበር። ሰው ቀና ነጋዴ ይለኛል፤ እንዲህ ሲሉኝ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ቅንነቱ ግን ከልቤ የበቀለ ይሁን፣ ወይስ በዚያ ዓመት ካነሰው እንጀራ የመጣ ፍርሃት ይሁን፣ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም።

«አላውቅም» አልኳት። ለልጆቼ እንዲህ ብዬ ስመልስ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።